ምዕራፍ አምስት፦ ከመለያየት በኋላ የሚኖር ጉርብትና

፩

ከለንደን ከተማ እምብርት ተነሥቶ ወደ ሰሜን እያቀና እስከ ኤዲንብራ የሚዘልቀው ጥንታዊው የሰሜን ጎዳና በኢዝሊንግተን ወረዳ ውስጥ ሲያልፍ ሆሎዌይ ሮድ ተብሎ ይጠራል፤ በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በአቅራቢያው ባሉት በሰቨን ሲስተርስ፣ በሆርንሲና በካሌዶንያን ጎዳናዎች፣ አገራቸው በወሰን የተለያየባቸው ሁለት ወገኖች በተለያየ ዘመን መጥተው ሰፍረዋል። የቀደሙት አየርላንዳውያን ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ የፈራረሰችውን ለንደንን መልሶ ለመሥራት አካፋና ዶማ ያነሡት ወንዶች፣ በአርችዌይ ባለው በዊቲንግተንና በመሳሰሉት ሆስፒታሎች በሽተኛ ለማስታመም የተቀጠሩት ሴቶች፣ ቅዳሜ ማታ በዚሁ ጎዳና ላይ በነበረው በግሬሻም የዳንስ አዳራሽ እየተገናኙ የአገራቸውን ዜማ ይሰሙ ነበር። የኋለኞቹ የእኛው ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው፤ እነርሱም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ እስርና ጦርነት እያባረራቸው በሱዳንና በሌላም አገር በኩል መጥተው፣ አየርላንዳውያኑ ቀድመው በኖሩባቸው ቤቶች ተከራይተው ገብተዋል።

አንድ የነበረ፣ ወይም አንድ ነበርን የሚሉ ሰዎች ያሉበት አገር በወሰን ሲለያይ፣ ተከትሎ የሚመጣው ዘመን ሰላም ወይም ጠብ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ብዙ ሰው መልሱን በወሰኑ መስመር ይፈልገዋል፤ መስመሩ በትክክል ከተሰመረና ድንጋዩ በቦታው ከተተከለ ሰላም ይወርዳል፣ ካልሆነ ግን ጠብ ይቀጥላል ብሎ ያምናል። በሆሎዌይ የተገናኙት የሁለቱ ወገኖች ታሪክ ግን የሚያስረዳው ሌላ ነው። የጉርብትናን ዕድል ከመሬቱ መስመር ይልቅ አብልጦ የሚወስነው፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ የቀረው ሰው ዜግነቱ፣ መተላለፊያው፣ ገንዘቡና ወደቡ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ተጽፎ መገኘቱ ወይም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛው፣ በ1985 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ብዙ ኢትዮጵያውያን የአገር መከፈል ነው ብለው ሲያዝኑበት፣ ብዙ ኤርትራውያን ደግሞ የሠላሳ ዓመት ትግል ፍሬ ነው ብለው ያከብሩታል፤ በአየርላንድም ወሰኑ ለአንዱ ወገን የአካል መቆረጥ ሲሆን፣ በሰሜን ለሚኖረው ለአብዛኛው ፕሮቴስታንት ግን ከብሪታንያ ጋር ያለውን አንድነት የጠበቀለት ጋሻ ነው። የዚህ ምዕራፍ ጸሐፊ ከሁለቱ ሙግቶች በአንዱም ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣም። ሁለተኛው፣ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ስንናገር ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር (ዓ.ም.)፣ ስለ አየርላንድና ብሪታንያ ስንናገር ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) እንጽፋለን።

፪

ሆሎዌይ በዓለም ዘንድ ስሟ የታወቀው በገበያዋ ሳይሆን በወህኒ ቤቷ ነው። ይህ ወህኒ ቤት በ1852 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መግቢያው እንደ ጥንት መሳፍንት አምባ ባለ ግንብና ባለ ማማ ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ ከ1903 ጀምሮ ለሴቶች ብቻ ተለይቶ ቆየና በ2016 ተዘጋ። ስለ ሁለቱ ወሰኖች ስንናገር ይህን ቤት ሳናነሣ ለማለፍ የማይቻለው፣ አንዷ የአየርላንድን፣ ሌላዪቱ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጉዳይ የሕይወታቸው ሥራ ያደረጉ ሁለት ሴቶች በየጊዜያቸው የታሰሩበት በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያዪቱ ኮንስታንስ ማርኪየቪች ናት። ከባለ ርስት ቤተሰብ የተወለደችው ይህች ሴት በ1916 እ.ኤ.አ. በደብሊን በተነሣው የትንሣኤ ሰሞን ዐመፅ መሣሪያ ይዛ በመገኘቷ ሞት ተፈርዶባት፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላት፤ ከተፈታችም በኋላ በ1918 እንደገና ተይዛ በሆሎዌይ ታሰረች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተደረገው ምርጫ፣ እርሷ በወህኒ ክፍሏ ተቀምጣ ሳለች፣ የደብሊን መራጮች ለብሪታንያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት መረጧት፤ በዚህም ለዚያ ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነች። ነገር ግን እርሷም የፓርቲዋ የሺን ፌን ባልንጀሮቿም ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነትን ምለው በለንደን መቀመጥን እንቢ ብለው፣ በጥር 1919 በደብሊን የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ። በዚያ ጉባኤ ስሟ ሲጠራ የተሰጠው መልስ በባዕድ መንግሥት እጅ ታስራለች የሚል ነበር።

ሁለተኛዪቱ በአገራችን የታወቀችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትከራከር ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆሎዌይ ደጋግማ ታስራለች፤ ምግብም ውኃም እምቢ ብላ ሰውነቷ እስኪመነምን ድረስ ጾማለች። ከወህኒ ለወጡት ሴቶች መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራውን ትንሽ የብር ጌጥ የነደፈችው እርሷ ናት፦ የምክር ቤቱ ምልክት የሆነው የአምባ መዝጊያ ፍርግርግ፣ በላዩም የእስረኛ ልብስ ላይ ይታተም የነበረው ሰፊ ቀስት። በ1913 ከአየርላንዳዊው የሠራተኞች መሪ ከጄምስ ኮኖሊ ጋር በአንድ መድረክ ቆማ ለደብሊን ሠራተኞች በመናገሯ ከገዛ እናቷና ከእህቷ ማኅበር ተለይታ ወጣች። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ መሥርታ ለሃያ ዓመት ያህል ስለ ኢትዮጵያ ጻፈች፤ ከነፃነትም በኋላ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ በብርቱ ተከራከረች። እንግሊዞች ኤርትራን በአደራ ሲያስተዳድሩ በምጽዋ ወደብ የነበረውን ሕንፃና መሣሪያ እያፈረሱና እየነቀሉ መውሰዳቸውን ለገዛ ወገኖቿ በጽሑፍ ያጋለጠች እርሷ ነበረች። በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ዐርፋ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር በክብር ተቀበረች።

እንግዲህ የአንዱ ወህኒ ቤት ሁለት እስረኞች በየራሳቸው መንገድ ሄደው፣ አንዷ ከታላቅ መንግሥት ለመለየት፣ ሌላዪቱ ለሁለት የተለየውን አንድ ለማድረግ ደከሙ፤ ሁለቱም በነፃነት ስም ተናገሩ፤ ሁለቱም ከድካማቸው የሚወለደውን ሁሉ ለማየት ዕድሜ አልበቃቸውም። ማርኪየቪች በ1927 እ.ኤ.አ. ስትሞት አገሯ በሁለት ተከፍላ ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት ካረፈች አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1953 ዓ.ም.፣ በኤርትራ ቆላ የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ድምፅ ተሰማ።

፫

የአየርላንድ መከፈል በብሪታንያ ምክር ቤት ሕግ የተደነገገው በ1920 እ.ኤ.አ. ሲሆን በሥራ የዋለው በግንቦት 1921 ነው። ከ32ቱ አውራጃዎች ስድስቱ በብሪታንያ ሥር ቀሩ፤ ሃያ ስድስቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተፈረመው ውል ራሳቸውን ማስተዳደር ጀመሩ። ወሰኑ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የተከተለው የጥንቱን የአውራጃ ድንበር ነበር፤ ያ ድንበር ግን ለግብር መሰብሰቢያ እንጂ መንግሥትን ከመንግሥት ለመለየት የታሰበ አልነበረም። ስለዚህም መስመሩ እርሻን ከጎተራ፣ ምእመንን ከቤተ ክርስቲያኑ ለይቶ አለፈ። ፔቲጎ የምትባለው ትንሽ መንደር ለዚህ ምስክር ናት፤ በመካከሏ የሚወርደው የተርሞን ወንዝ ወሰን ሆኖ፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሱቅ በአንድ መንግሥት፣ ወዲያ ያለው ደግሞ በሌላ መንግሥት ሥር ዋለ። ከሚያዝያ 1923 ጀምሮ በመንገዶች ሁሉ የጉምሩክ ኬላ ተተከለ፤ ወሰኑን እንዲያስተካክል በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ በሪቻርድ ፊታም ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው ኮሚሲዮን የደከመበት ጽሑፍም በ1925 ለጋዜጣ ሾልኮ ሁከት ስላስነሣ ሦስቱ መንግሥታት ተስማምተው ቀበሩት፤ እስከ 1969 ድረስም አልታተመም። በሌላ አነጋገር፣ የወሰኑ ነገር አንዱም ወገን ደስ ሳይለው እንደ ነበረ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ በገንዘብና በወደብ ነበር። የአየርላንድ ገበሬዎች ለቀድሞ ባለ ርስቶች መሬት መግዣ ከብሪታንያ የተበደሩትን ገንዘብ የኤመን ደ ቫሌራ መንግሥት በ1932 እ.ኤ.አ. አልከፍልም ባለ ጊዜ፣ ብሪታንያ በአየርላንድ ከብትና ቅቤ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ አየርላንድም በብሪታንያ ከሰል ላይ አጸፋውን መለሰች። ስድስት ዓመት በቆየው በዚህ የንግድ ጦርነት የከብቱ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ጥጃዎች በብዛት ይታረዱ ነበር። በሚያዝያ 1938 ግን ደ ቫሌራና የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን በለንደን ተቀምጠው ተስማሙ፤ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ይባል የነበረው ዕዳ በ10 ሚሊዮን ተዘጋ፤ በ1921ዱ ውል በብሪታንያ ባሕር ኃይል እጅ የቀሩት ሦስት ወደቦች፣ ኮብ፣ ቤርሄቨንና ሎክ ስዊሊ፣ ለአየርላንድ ተመለሱ። ዊንስተን ቸርችል በምክር ቤት ተነሥቶ በምሬት ቢቃወምም ውሉ ጸና። በዓመቱ ታላቁ ጦርነት ሲነሣ አየርላንድ ገለልተኛ ሆና ለመቆም የቻለችው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለሆሎዌይ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1949 የወጣው ሕግ ነው። በዚያ ዓመት አየርላንድ ሪፐብሊክ ሆና ከብሪታንያ ዘውድ ፈጽማ ስትለይ፣ የሰው ልማድ ቢሆን ኖሮ ታላቁ መንግሥት ተቀይሞ ዜጎቿን ባዕድ ብሎ ያባርራቸው ነበር። የብሪታንያ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ግን አየርላንድ የንጉሡ ግዛት ባትሆንም ለብሪታንያ ሕግ ሲባል እንደ ባዕድ አገር እንዳትቆጠር ደነገገ። በዚህም የተነሣ ከደብሊን በመርከብ ተሳፍሮ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ያለ ቪዛ ገብቶ፣ ያለ ፈቃድ ሠርቶ፣ በብሪታንያ ምክር ቤት ምርጫ ድምፁን ለመስጠት ይችል ነበር፤ ዛሬም ይችላል። መንግሥታቱ በወሰኑ ላይ ሳይስማሙ በሰው ላይ ተስማሙ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ደም አልፈሰሰም ማለት አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በሰሜን አየርላንድ በተደረገው መገዳደል ከ3,500 ሰው በላይ አልቋል፤ ቦምቡም ለንደን ድረስ መጥቷል። በ1974 በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ከደረሰው እልቂት በኋላ በወጣው ሕግ በእንግሊዝ የሚኖር አየርላንዳዊ ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ታየ። በጊልፎርድና በበርሚንግሃም ቦምብ ሰበብ የታሰሩት አራት ሰዎችና ስድስት ሰዎች ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል በሐሰት ማስረጃ በወህኒ ከማቀቁ በኋላ በ1989 እና በ1991 ፍርዱ ተሽሮ ተለቀቁ። ቢሆንም በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ያ የ1949 ሕግ አልተሻረም። የአየርላንድ ተወላጅ በፖሊስ ተጠርጥሮ ይሆናል እንጂ፣ በዘሩ ምክንያት በጅምላ ንብረቱን ጥሎ ከአገር ውጣ አልተባለም።

፬

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢጣልያ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዛ፣ ቀስ በቀስ ወደ ደጋው ወጥታ፣ በ1882 ዓ.ም. ግዛቷን ኤርትራ ብላ ሰየመች፤ በዐድዋ ድል ብትመታም ከመረብ ወዲያ ካለው አገር አልወጣችም፤ በ1892 ዓ.ም. በተፈረመውም ውል የመረብ፣ የበለሳና የሙና ወንዞች ወሰን ሆኑ። ከሃምሳ ዓመት በላይ በኢጣልያ፣ ከ1933 ዓ.ም. የከረን ድል በኋላ ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት በእንግሊዝ አስተዳደር የቆየችው ኤርትራ፣ የተባበሩት መንግሥታት በኅዳር 1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ የራሷ ምክር ቤትና ሰንደቅ ዓላማ ኖሯት በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች። ይህ ጽሑፈ ውል ግን ዐሥር ዓመት ብቻ ኖረ። ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ ቋንቋው ተለወጠ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ሲልቪያ ፓንክረስት በሙሉ ልቧ የተመኘችው አንድነት በስምምነት ተጀምሮ በዐዋጅ ሲጨረስ፣ ጦርነቱ ለሠላሳ ዓመት ቀጠለ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሻዕቢያ አስመራን፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ ሁለቱ ባለ ድሎች የጦር ሜዳ ባልንጀሮች ነበሩና መለያየቱ ከመጠን በላይ ቀላል መሰላቸው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 99.8 ከመቶ የሚሆነው መራጭ ለነፃነት ድምፅ ሰጠ፤ አዲስ አበባም ወዲያው ዕውቅና ሰጠች። ስለ ወዳጅነትና ስለ ወደብ አንዳንድ ስምምነት ተፈርሟል፤ ዐሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ መግቢያ ሆና ቀጠለች፤ ብርም በሁለቱ አገር ይሠራበት ነበር። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ የሚኖረው የኤርትራ ተወላጅና በኤርትራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የየት አገር ዜጋ ነው የሚለው፣ በወንድማማችነት ይታለፋል ተብሎ ለነገ ተቀጠረ። በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ለሕዝበ ውሳኔው የኤርትራ መታወቂያ አውጥቶ ድምፁን ሰጥቶ፣ በማግሥቱ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ሲነግድ ማንም አልከለከለውም፤ ሕጋዊ ነህ ብሎ በጽሑፍ ያረጋገጠለትም የለም።

፭

ጊዜ ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ወር ውስጥ አገናኛቸው። በሚያዝያ 2 ቀን 1990 ዓ.ም. (በ1998 እ.ኤ.አ.)፣ በፈረንጆች ዐርብ ስቅለት፣ በቤልፋስት የሰላሙ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን በባድመ ተኩስ ተከፈተ።

የቤልፋስቱ ውል ያደረገውን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል፤ ወሰኑን አንድ ክንድ እንኳ አላንቀሳቀሰውምና። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ክፍል ሆና እንድትቆይ፣ ይህም ሊለወጥ የሚችለው በራሷ ሕዝብ አብላጫ ድምፅ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ፤ አየርላንድም ሰሜኑ የእኔ ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቷን አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ ለወጠች። በዚህ ፈንታ የተሰጠው መብት ለሰው ነው፦ በሰሜን አየርላንድ የተወለደ ሰው እንደ ፈቃዱ ብሪታንያዊ፣ አየርላንዳዊ ወይም ሁለቱንም ለመሆን ይችላል። በወሰኑ ላይ የነበሩት የወታደር ማማዎች ቀስ በቀስ ፈርሰው፣ በቦምብ ተቆፍረው የተዘጉት መንገዶች ተከፈቱ፤ ፔቲጎም ድልድይዋን ያለ ጠያቂ የምትሻገር መንደር ሆነች። በ2016 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን ሁለቱ መንግሥታት ለዓመታት የተጨነቁበት ነገር ቢኖር ያ ኬላ ተመልሶ እንዳይተከል ነበር፤ በ2019 በተስማሙበት ፕሮቶኮልም የዕቃው ቁጥጥር ወደ ባሕሩ ተሻግሮ የብሱ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ የ2023ቱ የዊንድዘር ስምምነትም ቁጥጥሩን አቃልሎ ይህንኑ አጸና።

የእኛው ነገር በተቃራኒው ሄደ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን ስታወጣ፣ ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ንግድ በምን ገንዘብ እንደሚካሄድ ስላልተስማሙ፣ ጤፍና ቡና በብር እየተሸጠ ይሻገርበት የነበረው ገበያ በድንገት ታወከ፤ ቅሬታው ሳይበርድ በባድመ የተነሣው ግጭት ወደ ሙሉ ጦርነት ተለወጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ወጣት በምሽግ ረገፈ። ያን ጊዜ ነው ሳይጻፍ የቀረው የዜግነት ጥያቄ ዋጋውን ያስከፈለው፦ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሰጥተሃል የተባለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ቤቱንና ሱቁን ጥሎ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ወሰን ተወሰደ፤ ከኤርትራም ኢትዮጵያውያን እንዲሁ በብዙ ሺሕ ተባረሩ። ባልና ሚስት ተለያዩ፤ ልጅ ከአንዱ ጋር ቀረ። ለንደን ከደረሱትም መካከል በስደተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊት ቀርበው የየት አገር ሰው ነህ የሚለውን ጥያቄ በአንድ ቃል ለመመለስ የቸገራቸው ነበሩ፤ አንዱ አገር አባርሯቸዋል፣ ሌላውን ደግሞ በዐይናቸው አይተውት አያውቁም።

በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም ሲፈረም፣ ዓለም ሁሉ ያተኮረው በወሰኑ መስመር ላይ ነበር። በእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ በሰር ኢላይሁ ላውተርፓክት የተመራው የወሰን ኮሚሲዮን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጥቶ ባድመ የኤርትራ ናት አለ፤ ውሳኔው የመጨረሻና የማይሻር እንዲሆን አስቀድሞ ቢስማሙም ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሳይፈጸም፣ ሰላምም ጦርነትም ሳይሆን ቀረ። በዚያው ውል የተቋቋመው የካሳ ኮሚሲዮን የሠራው ሥራ ግን ብዙ ሰው ሳያነበው ያለፈ ነው። ይህ ኮሚሲዮን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ብያኔ፣ በሕዝበ ውሳኔው የተሳተፉት ሰዎች ኤርትራዊ ዜግነት ሲያገኙ ኢትዮጵያዊነታቸውም አልቀረባቸውም፤ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ ብሎ ፈረደ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ቢዘገይም በ1985 ዓ.ም. ሊጻፍ ይገባው የነበረው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር! ኮሚሲዮኑ በመጨረሻ ለኢትዮጵያ ከ170 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ፤ ሁለቱ ዕዳዎች ተቀናንሰው የሚቀረው ጥቂት ሲሆን፣ የጠፋው የሰው ነፍስ ግን የሚቀናነስ አልነበረም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአስመራ መሪዎች ተቃቅፈው ሰላም ሲያወርዱ፣ በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳና የቡሬ መንገዶች ተከፈቱ፤ ሃያ ዓመት ያልተያየ ዘመድ በዛላምበሳ አፈር ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ አስመራ ወጣ። ነገር ግን ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ መግቢያ ፈቃዱና ስለ ገንዘቡ ልውውጥ ሕዝብ የሚያውቀው ሥርዓት ሳይጻፍ የተከፈተ በር ስለ ነበረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ በአንድ ሲዘጋ በምን ሕግ ትዘጋብናላችሁ ብሎ ለመከራከር የሚችል ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት፣ የኤርትራም ሠራዊት በእርሱ መግባት፣ በ2015 ዓ.ም. ኤርትራ ያልፈረመችው የፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ቀጥሎም ስለ ባሕር በር የተነሣው ንግግር የሁለቱን መንግሥታት ልብ እንደገና አሻክሮታል።

፮

መንግሥታቱ እንዲህ ሲሆኑ ሕዝቡ ምን ሆነ? በሆሎዌይና በካሌዶንያን ጎዳናዎች ያሉትን ትንንሽ ሱቆች የገባባቸው ሰው ያውቀዋል። እንጀራው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመግቢያው አጠገብ ተደርድሯል፤ ከበላዩ በርበሬና ሽሮ በከረጢት፣ ከወዲያ ያልተቆላ ቡናና ጀበና፣ በግድግዳው ላይ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ባለሱቁ አንዱን በትግርኛ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ለገባችው እናት በአማርኛ ሒሳቧን ይነግራታል፤ እርሷም «ተባረክ ልጄ፣ እነ እማማስ ደኅና ናቸው?» ብላ ትወጣለች እንጂ ከመረብ ወዲህ ነህ ወይስ ወዲያ ብላ አትመረምረውም። ለቅሶ በተነሣ ጊዜ የሁለቱም ወገን ሰው በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ጦርነቱ በጋለባቸው ዓመታት ግን በዚህም ሰፈር መኮራረፍ ገብቶ ነበር፤ አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ጎረቤቶች ሰላምታ ነፍገው ተላልፈዋል። ፍቅር ብቻውን ጠብን እንደማይከላከል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷን ምሳሌ ትሰጣለች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር በስምምነት ተለይታ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን አገኘች፤ የኤርትራም ቤተ ክርስቲያን ከነፃነት በኋላ እንዲሁ ተለይታ በ1990 ዓ.ም. አቡነ ፊልጶስን ፓትርያርክ አደረገች። በለንደን ዛሬ የሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ለየብቻ ይቀድሳሉ፤ ቅዳሴው ግን ያው በግእዝ ነው፤ ዜማውም ያው የቅዱስ ያሬድ ነው። መንበር ሲለይ ሥርዓቱ የተጻፈና የጸና ስለ ነበረ፣ መለየቱ ሃይማኖቱን አላፈረሰውም።

በአገራችን ገጠር ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ አስተዋይ ሽማግሌ ድንጋይ ከማስተከሉ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ከብቱ ውኃ የሚወርድበት መንገድ በማን በኩል ያልፋል? አውድማው የጋራ ነው ወይስ የአንዱ? እናት ከማን ጋር ትኖራለች? ይህ ተነግሮ ምስክር ካልቆመበት፣ መሬቱ በገመድ ተለክቶ እኩል ቢከፈልም ወንድማማቾቹ በመጀመሪያው ክረምት እንደሚጣሉ ያውቃልና ነው። የ1985ቱ መለያየት ይህን የሽማግሌ ጥያቄ የሚጠይቅ አጣ። በህንድና በፓኪስታንም በ1947 እ.ኤ.አ. ወሰኑን እንዲያሰምር የተላከው እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ ሲሪል ራድክሊፍ አገሩን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሲሆን፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ መስመሩን አስምሮ ሄደ፤ ከመስመሩ ተርፎ ጦርነቶችን ያለፈው ግን ሁለቱ መንግሥታት በ1960 የኢንደስን ወንዝ ውኃ የተካፈሉበት የተጻፈ ውል ነበር።

ለኢትዮጵያና ለኤርትራ የሚቀረው ሥራ እንግዲህ የታወቀ ነው። በሁለቱም ወገን የሚኖር የሌላው ተወላጅ ያለ ስጋት የሚኖርበትና ንብረቱ የማይነካበት የዜግነትና የመኖሪያ ሕግ ይጻፍ። ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት መተላለፊያ በመሪዎች ወዳጅነት ወይም ኩርፊያ የማይከፈትና የማይዘጋ ይሁን። ገበያው በምን ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ወደቡ በምን ኪራይና በምን ዋስትና እንደሚያገለግል በዝርዝር ይወሰን፤ ወደብ በጦር ከተያዘ ሁለቱንም እንደሚያጠፋ፣ በውል ከተሰጠ ግን ሁለቱንም እንደሚጠቅም የ1938ቱ የለንደን ስምምነት ያስረዳል። የወሰን ድንጋዩ ዛሬ ባይተከል ነገ ይተከላል፤ የሰው መብት ግን እርሱን እየጠበቀ ከእንግዲህ ሌላ ትውልድ ማለፍ የለበትም።